ፈንታ የያዘው ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ የሚቀባ መድኃኒት ልገዛ እዚሁ ጎንደር ወደ አራዳ ወርጄ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ለምሳ ከተዘጋ በኋላ ስለደረስሁ ከጎኑ ካለው ሱቅ ደጃፍ ጥላ ይዤ ቆምሁ። ሱቁ የማይሸጠው ነገር የለም፤ ደብተር፣ የፕላስቲክ ኳስ፣ የተማሪ ቦርሳ፣ የልደት ሻማ። ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ካርቶን ዓይኔን ያዘው። በላዩ ላይ ጣሪያው ቀይ፣ መስኮቶቹ ነጭ የሆኑ ትንሽ ቤት ተሥሎበታል። ከሥሩ ደግሞ ግድግዳው ለብቻ፣ ጣሪያው ለብቻ፣ በሩ ለብቻ ተበታትኖ ይታያል።

ሻጯ ልጅ አፍጥጬ መቅረቴን አይታ ወጣችና፣ «እማማ፣ ለልጅ ልጅዎ ይውሰዱለት። የሚገጣጠም ቤት ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ የኔ ልጅ፤ ሠርቼዋለሁ» አልኋት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ፈገግ አለች። አልፈርድባትም። ነጠላ ያጣፋች፣ በከዘራ የምትሄድ አሮጊት በአሻንጉሊት ቤት ስትኩራራ ብሰማ እኔም ፈገግ ማለቴ አይቀርም ነበር። ነገር ግን እውነቴን ነው። ጎንደር ውስጥ ከእኔ በፊት እንዲህ ያለውን ቤት የገጣጠመ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ደግሞም የሠራሁት በልጅነቴ አይደለም። በሰማንያ ተድሬ፣ እግሬ ተሰብሮ፣ ሆስፒታል በተኛሁበት ክረምት ነው።

ጣልያን ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ወላጆቼ በሕፃንነቴ ስለሞቱ ያሳደጉኝ አጎቴ መሪጌታ ኅሩይ ናቸው፤ ዳባት አጠገብ ባለ ደብር ያገለግሉ ነበር። በእኛ አገር ልጃገረድ እስከዚያ ዕድሜ ካላገባች ቆማ ቀረች ትባላለች። እኔ የቆየሁት አጎቴ «ዳዊት ሳትደግም ለማንም አልሰጣትም» ብለው ፊደል ስላስቆጠሩኝ ነው። ዳዊቱን እንደጨረስሁ ግን ብዙ አልሰነበትሁም። ከደባርቅ ወዲያ የሚኖሩ አያ መኰንን የሚባሉ ገበሬ ሽማግሌ ልከው ለልጃቸው ለፈንታ ለመኑኝ፤ አጎቴም እሺ አሉ።

ፈንታን ከሠርጉ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። ከሠርጉም በኋላ አየሁት ለማለት ያስቸግራል። ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹን ነድቶ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል፣ ራቱን እየበላ ከአባቱ ጋር ስለ ዘርና ስለ ማሳ ይነጋገራል። ለእኔ የሚደርሰኝ «ውሃ አቀብይኝ» ወይም «በሩን ዝጊው» ነው። እኔም አንቱ እለዋለሁ፤ ያኔ በእኛ አገር ሚስት ባሏን አንቱ ማለቷ ደንብ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። እጁንም ምላሱንም አላነሣብኝም። በቃ፣ አንተዋወቅም። አንድ ጣሪያ ሥር እንደ ሁለት እንግዶች ሆነን ሳለን ክረምቱ ገባ።

የሰሜን ክረምት የከተማውን ክረምት አይመስልም። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ይመጣና ከብቱንም ቤቱንም ይውጠዋል፤ የራስህ አጥር አይታይህም። ምንጩ ከአማቶቼ ቤት ቁልቁል ነበር። በሐምሌ አንድ ጧት ውሃ ቀድቼ፣ እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ጭቃው ከእግሬ ሥር ከዳኝ። እንስራው ተሰበረ፤ የቀኝ ጭኔም አብሮት ተሰበረ።

ወጌሻ ተጠርቶ መጣ። በአገሩ የተመሰገነ ሰው ነው። ጭኔን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቆየና ለአማቴ፣ «አያ መኰንን፣ ክንድ ወይም ቅልጥም ቢሆን እሺ ባልሁ ነበር። ይኸን ጎንደር ውሰዱት» አላቸው። በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ማኪናው መንገድ አወጡኝ። ከአዲ አርቃይ እህል ጭኖ ሊማሊሞን የወጣ ማኪና አገኘንና በጆንያዎቹ ላይ አስተኙኝ። የወገራን ሜዳ ስናቋርጥ ዝናቡ አልተወንም። ማኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የማርያምን ስም እየጠራሁ እጮሃለሁ። ፈንታ ከአጠገቤ ተቀምጦ ዝናቡ እንዳይመታኝ ጋቢውን ዘርግቶብኝ ነበር። ጎንደር እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

ሆስፒታሉ ውስጥ እግሬን በገመድ ወደ ላይ ሰቅለው በገመዱ ጫፍ ከባድ ብረት አንጠለጠሉበት። አጥንቱ ተስቦ በቦታው እንዲገጥም ነው አሉ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ የለ፣ መገላበጥ የለ። የሚታየኝ ኮርኒሱና ዝናብ ያበጀበት ቢጫ እድፍ ብቻ ሆነ። ፈንታ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ለእርሻው ተመለሰ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ እትየ ጥሩነሽ የሚባሉ የማክሰኝት ሴት ተኝተው ነበር። የእህልና የፍየል ነጋዴ ናቸው። እንቅርታቸው በቀዶ ጥገና ወጥቶላቸው አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሐኪሙም ለጊዜው እንዳይናገሩ አጥብቆ አዟቸዋል። እሳቸው ትእዛዙን የሚያከብሩት ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ ሲኖር ብቻ ነበር። ከማክሰኝት ዘመዶቻቸው ሲመጡ የሚያመጡላቸውን ድፎ ዳቦ ለእኔም ይቆርሱልኛል። ስለ ገበያ ሲያወሩ የታመምሁትን ያስረሱኝ ነበር።

ክፍላችንን የምትጠብቀው ሲስተር ሂልዳ የምትባል ፈረንጅ ነበረች። አገሯ በረዶ የሚወርድበት ነው። አማርኛ ትሞክራለች፤ ነገር ግን ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የምትለው። «አንተ ቆንጆ ልጅ፣ አንተ ብላ» ስትለኝ እትየ ጥሩነሽ በፋሻቸው ውስጥ ሆነው ይንፈቀፈቃሉ።

ፍልሰታ እንደገባ ለሲስተር ሂልዳ ከአገሯ ሣጥን መጣላት። ለሕፃናት ክፍል የተላከ መጫወቻ ነው። ኳሱንም አሻንጉሊቱንም አደለች። አንዱን ካርቶን ግን ከፍታ ስታየው ውስጡ ያለው ነገር በጣም ደቃቅ ሆነባት፤ ሕፃናቱ ይውጡታል ብላ ፈራች። ይዛው መጥታ ሆዴ ላይ አስቀመጠችልኝና፣ «እግር ታሟል። እጅ ጤነኛ ነው። አንተ ሥራ» አለችኝ።

በካርቶኑ ላይ ሥዕሉ አለ፤ ቀይ ጣሪያ ያለው ባለ ፎቅ ቤት። ውስጡ ግን ቤት የሚመስል ነገር የለም። ስስ የእንጨት ገበታዎች ተነባብረዋል፣ በገበታዎቹ ላይ የግድግዳና የመስኮት ቅርጽ ተቆርጧል፣ ከገበታው ግን ገና አልተላቀቀም። በአውራ ጣት ስትገፋው ቀጭ ብሎ ይወጣል። ያ ድምፅ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከወደቅሁ ወዲህ እጄ የሠራው የመጀመሪያ ነገር ነው። እሸት እንደሚፈለፍል ሰው አንዱን ስገፋ ሌላውን፣ ሌላውን ስገፋ ሦስተኛውን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ፈልፍዬ ጨረስሁት።

በማግስቱ ጧት አንድ ነገር ተገለጠልኝ። የቱ የት እንደሚገባ የሚናገሩት ቁጥሮች የተጻፉት በቁርጥራጮቹ ላይ ሳይሆን በባዶዎቹ ገበታዎች ላይ ነበር። ባዶዎቹን ገበታዎች ደግሞ ክፍሉን የምትጠርገው ሴት ቆሻሻ መስለዋት ወስዳ አንድዳቸዋለች። በእጄ የቀረው ስም የሌለው የእንጨት ክምርና አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል የፈረንጅ ነው፤ ዳዊት መድገሜ እዚህ ላይ ምንም አልፈየደኝም። ቀስት ያለባቸው ጥቃቅን ሥዕሎች ግን ነበሩበት።

«እንግዲህ በዓይን ነው» አሉ እትየ ጥሩነሽ። «እኔ እህል በስፍር ብቻ ነው የምገዛ? በዓይኔም እገምታለሁ። ይኸ ረጅሙ የጎን ግድግዳ ነው።»

ትሪ ደረቴ ላይ አስቀምጠን ጀመርን። ሥራው ግን ካሰብነው በላይ ከባድ ሆነ። እኔ በጀርባዬ ስለተኛሁ የማየው ከሥር ነው። የወደቀውን እትየ ጥሩነሽ ከአልጋ ሥር ይለቅማሉ። በካርቶኑ ውስጥ የነበረው ኮላ በመንገድ ብዛት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሲስተር ሂልዳ የቁስል ፕላስተር ሰጠችን፤ እሱም ሁለት ግድግዳ አቁሞ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይላቀቃል። ቤቱ በዋለ ባደረ ይቆማል፣ ይፈርሳል። እልህ ያዘኝ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ያውቀው ጀመር፤ «ዛሬስ ቆመ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ፍልሰታ እንደተፈታ አማቴ አያ መኰንን ብቻቸውን መጡ። ዳቦና ቅቤ ይዘውልኛል። እግሬን አዩት፤ ገመዱንና የተንጠለጠለውን ብረት አዩት። ከዚያ ቁስል የሚያጥበውን ድሬሰር ጠሩት።

«ይድናል?» አሉት።

«አጥንቱ እየያዘ ነው፤ ትሄዳለች። እግሯ ግን ትንሽ ሳያጥር አይቀርም።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?»

ድሬሰሩ በሁለት ጣቱ መካከል ለክቶ አሳያቸው።

«ውሃ ትወርዳለች? የእኛ አገር ቁልቁለት ነው።»

«ባዶ እጇን ከሆነ ቀስ ብላ ትወርዳለች። እንስራ አዝላ ዳገት መውጣቱን እንጃ» አላቸው።

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። በደረቴ ላይ ያለውን ትሪ ጠቁመው «ይኸስ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቤት ነው አባቴ።»

«ሸጋ ነው» አሉ፤ አላዩትም። ራሴን ዳበስ አድርገው ወጡ።

እትየ ጥሩነሽ በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው፣ «ልጄ» አሉኝ፤ ለወትሮው የሚስቁት ሴት ፊታቸው ጠቁሯል። «ሰውየው ዕቃውን አገላብጦ አይቶ፣ ጠያይቆ፣ ሸጋ ነው ብሎ ሄደ። እኔ በገበያ እንዲህ ያለውን ሰው አይቼዋለሁ። አይመለስም። ብቻ ልብሽን አዘጋጂ።»

ያሉኝ ገብቶኛል። የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት እንደተዋዋለ በሽማግሌ ፊት ይፈርሳል። አያ መኰንንን ክፉ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም። የእርሻ ቤት ነው፤ ውሃ የማትቀዳ፣ እንጨት የማትሸከም ምራት ሸክም ናት። እኔ ግን የት ልሂድ? አጎቴ ድኻ ካህን ናቸው፤ የራሳቸው ልጆች አሏቸው። እግሯ ያጠረ፣ ትዳሯ የፈረሰ ሴት ይዘው ምን ያደርጓታል? አንሶላውን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስሁ። ሲወጣልኝ ትሪውን መልሼ ደረቴ ላይ ጎተትሁት። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

ፈንታ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በዚያው ቀን እትየ ጥሩነሽ አንድ ዘዴ አግኝተው ነበር፤ ከወጥ ቤት ጥቂት የስንዴ ዱቄት ለምነው በፈላ ውሃ አሽተው ሙጫ አበጁ። ይይዛል፤ ነገር ግን እስኪደርቅ ድረስ ሰው ካልደገፈው ይንሸራተታል። እኔ ሁለቱን የፊት ግድግዳዎች በሁለት እጄ ደግፌ፣ የጎኑን ግድግዳ በአገጬ ይዤ፣ መተንፈስ እንኳ ፈርቼ ሳለሁ ፈንታ ገባ። ጋቢው ርሷል። በስልቻ የገብስ ቆሎና በሶ ይዟል። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሻረግ» አለኝ።

ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን መደንገጤ አይቀርም ነበር። ያኔ ግን የታየኝ ከአገጬ ሥር ሊያመልጠኝ ያለው ግድግዳ ነው።

«ይያዙልኝ» አልሁት በጥርሴ መካከል።

«ምኑን?»

«ይኸን ግድግዳ። እዚህ ላይ፣ በጣትዎ። ቀስ ብለው።»

የፈንታ ጣቶች ሞፈር የለመዱ ናቸው፤ ወፍራም፣ የተሰነጣጠቁ። ግድግዳው በሁለት ጣቶቹ መካከል እንደ ቅጠል ሆነ። ያዘው። «በግራዎ ደግሞ ይኸን» አልሁት። ያንንም ያዘው።

«እስከ መቼ ነው የምይዘው?»

«እስኪደርቅ።»

ጣቶቹን ሳያነቃንቅ ተቀመጠ። እትየ ጥሩነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተኙ መሰሉ። ደጅ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር፤ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ይሰማል። ብዙ ከቆየን በኋላ ፈንታ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ክምሩን ተመለከተና፣ «ያ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

የሚለው አራት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ ክፍት የሆነውን ነገር ነው። በሥዕሉ ላይ ከጣሪያው በላይ ተተክሏል። እኔና እትየ ጥሩነሽ ጎተራ ይሆናል፣ የደወል ቤት ይሆናል ብለን ተከራክረን ትተነው ነበር።

«አላወቅነውም» አልሁት።

አሰበ፣ አሰበና «የዶሮ ቤት ነው» አለ።

«ጣሪያ ላይ?»

«ሸለምጥማጥ እንዳይደርስባት ነዋ።»

ይኸን ያለው ከልቡ ነው፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ደረቴ ተንቀጠቀጠ፣ ደረቴ ሲንቀጠቀጥ ትሪው ተናወጠ፣ ግድግዳውም ከፈንታ ጣት ሊወጣ ሆነ። «ያዘው! ፈንታ፣ ያዘው!» ብዬ ጮህሁ።

ባሌን አንተ ብዬዋለሁ፤ ያውም በስሙ ጠርቼ። ከጎን አልጋ እትየ ጥሩነሽ እንዳልተኙ የሚያስታውቅ ትንፋሽ ተሰማ። እኔ ዓይኔን ከትሪው ላይ አላነሣሁም።

«ያዝሁት» አለ ፈንታ። ቀና ስል ጥርሱ ታየኝ፤ ይስቃል።

ከዚያ በኋላ ምን ምን እንዳወራን ሁሉንም አላስታውስም። ስለ ቤቱ ነበር አብዛኛው፤ ደረጃው ወደየት ይዞራል፣ መስኮቱ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው። የጠያቂ ሰዓት አልቆ ድሬሰሩ እስኪያስወጣው ድረስ ቆየ። ግድግዳው ሲደርቅ ጣቶቹም አብረው ተጣብቀው ስለነበር ቀስ ብሎ አላቀቃቸው። በሩ ላይ ሲደርስ፣ «ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር ነበር?» አልሁት፤ ወደ አንቱ ተመልሼ።

ጋቢውን አጣፋና፣ «ነገ እመጣለሁ» አለ።

መጣም። በነጋታውም መጣ። ጎንደር ዘመድ ነበረው፤ እዚያ አርፎ የድንጋይ ግንብ የሚሠራበት ቦታ የቀን ሥራ ገባ። ከሰዓት በኋላ አቧራውን አራግፎ ይመጣል። አንድ ቀን ከአዲ አርቃይ ከመጣ ነጋዴ የግራር ሙጫ በቅጠል ጠቅልሎ አመጣልኝ። በሞቀ ውሃ ሲሟሟ የእትየ ጥሩነሽን ዱቄት አስናቀ። እሳቸውም «እንዲህ ያለው ሙጫ እያለ ነው ስንዴ ያባከንሁት!» ብለው ተቆጡ።

እጃችን ሲሠራ አፋችን ይፈታል። ፈንታ ሊማሊሞን ሲወርድ ገደሉን ማየት እንደሚፈራ የነገረኝ ጣሪያውን ስንገጥም ነው። ከእሱ በፊት የተወለደ ወንድሙ ሞቶ በእሱ ምትክ ተብሎ ፈንታ እንደተባለና በሰው ምትክ መጠራት አንዳንዴ ቅር እንደሚለው የነገረኝ ደረጃውን ስንሠራ ነው። ደረጃውን ገልብጠን ለጥፈነው ኖሮ ነቅለን እንደገና ሠራነው። አንደኛውን ግድግዳ ደግሞ ውስጡን ወደ ውጭ አድርገነዋል፤ ለመኝታ ቤት የተሣለው አበባ በውጭ በኩል ቀረ። ነቅለን ማዞር እንችል ነበር። ፈንታ ግን «ተዪው፣ አላፊ አግዳሚውም ይየው» አለ። የዶሮ ቤት ያልነው የጭስ መውጫ መሆኑን ሲስተር ሂልዳ በእጇ እያሳየች፣ «ፉፍ፣ ፉፍ፣ እሳት» ብላ ያስረዳችን በመጨረሻው ቀን ነው።

ከመስቀል በኋላ እግሬ ከገመድ ወርዶ በጀሶ ታሰረ። መቀመጥ ቻልሁ። ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ለፊት ሳየው ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነበር። እንደኔ ነው ብዬ ስናገር ፈንታ አልሳቀም።

በዚያው ሰሞን አያ መኰንን መጡ። ልጃቸው ሸሽቶ ከቀረባቸው ሳምንታት አልፈዋል፤ ተቆጥተዋል። እንደገቡ ለእኔ ሰላምታ ሰጥተው ወደ እሱ ዞሩ።

«ምነው ልጄ? ገብሱ ቢጫ ሆኗል። እኔ ሽማግሌ ሰው ብቻዬን ልጨደው?»

«አባየ፣ ይቀመጡ» አለ ፈንታ።

«አልቀመጥም። ነገሩን እንጨርሰው። እኔ ልጂቱን አልጠላኋትም፤ እግዜር ያውቃል። ቤቱ ግን ጉልበት ይፈልጋል። መሪጌታን አነጋግራለሁ። በክብር ወደ አጎቷ ትመለስ፤ ሰማንያውም ይፍረስ።»

እትየ ጥሩነሽ ይኸን ጊዜ ከሆስፒታል ወጥተው ማክሰኝት ገብተዋል። ወደ ጎን ዞር ብዬ የማየው ሰው አልነበረኝም። ዓይኔን ጀሶው ላይ ተከልሁ።

ፈንታ ቶሎ የሚመልስ ሰው አይደለም። በመጨረሻ፣ «ወደ አጎቷ ከሄደች አብሬያት ነው የምሄደው» አለ።

«ምን በልተህ?»

«እዚህ ሥራ ይዣለሁ። ጎንደር ምንጭ መውረድ የለ፣ ውሃው በቧንቧ ነው።»

«መሬትህን ትተህ?»

«መሬቱ የት ይሄዳል አባየ? አዝመራውን መጥቼ እሰበስብልዎታለሁ። እሷን ግን አልተዋትም።»

አያ መኰንን ልጃቸውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። የተቀመጥሁበት አልጋ ጠርዝ ላይ ያለውን ቤት ያን ጊዜ አዩት። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ዱላቸውን አንሥተው ሳይመርቁን ወጡ። ፈንታ ከኋላቸው ወጥቶ እስከ ማኪናው ሸኛቸው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ አልጠየቅሁትም።

ስንወጣ ሲስተር ሂልዳ ቤቱን ለሕፃናት ክፍል ለመነችን። ሰጠናት፤ መጀመሪያም የእነሱ ነበር። ለሁለተኛ ምርመራ ስመለስ ሕፃናቱ አፈራርሰውት፣ ጣሪያው ለአንዲት አሻንጉሊት አልጋ ሆኖ አገኘሁት። አላዘንሁም። አፍርሰው መልሰው ሊሠሩት ሲሞክሩ ነበር።

ፈንታ ከዚያ በኋላ አናጢ ሆነ ብል ለታሪኩ ያምር ነበር፤ አልሆነም። የማር ነጋዴ ሆነ። ከትክል ድንጋይና ከአዲ አርቃይ ማር እያመጣ ጎንደር ይሸጣል። እኔ ቤት ሆኜ አጣርቼ እሰፍራለሁ፤ ለዚያ ረጅም እግር አያስፈልግም። የመጀመሪያ ልጃችን እስክትወለድ ድረስ አያ መኰንን ደጃችንን አልረገጡም። ሲመጡ ግን የምትታለብ ላም እየነዱ መጡ። ስለ ሌላው ነገር አንሥተን አናውቅም።

አንድ ቀን፣ ልጆቻችን ካደጉ በኋላ፣ ከትክል ድንጋይ ገበያ በማኪና እየተመለስን ነበር። የማር ገንቦውን በመካከላችን አድርገን ተቀምጠናል። በመንገዱ ዳር አጃው እሸት ሆኖ፣ ባቄላው አብቦ፣ ሽታው ማኪናው ውስጥ ይገባል። እንዲያው ወሬ ለማንሣት ያህል፣ «ፈንታ፣ ያን ቀን ሆስፒታል የመጣኸው እርሻውን ትተህ ነበር። ናፍቄህ ነው?» አልሁት። ሊስቅ ነው ብዬ ስጠብቅ የገንቦውን ክዳን አጠበቀ።

«አባየ ልከውኝ ነው» አለ።

«ምን ብለው?»

«ሰማንያው ሊፈርስ እንደሆነ እንድነግርሽ። እሺ ብያቸው ነበር የመጣሁ። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ቃሉን ስደጋግመው ነው የመጣሁት። ‹የሻረግ› ብዬ ጀመርሁት። ከዚያ ግድግዳ ሰጠሽኝ።»

ማኪናው ጥቂት መንገድ ሄደ። መጨረሻ ላይ የወጣኝ ነገር፣ «ታዲያ አስቀምጠኸው ለምን አልነገርኸኝም?» የሚል ሆነ።

ፈንታ ጥያቄው ገርሞት ዞር ብሎ አየኝ።

«አልደረቀም ነበራ» አለ።

ፈንታ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኑት። ልጆቼ ዛሬ ይህን ብነግራቸው የአባታቸው ነገር ያናድዳቸው እንደሆነ አላውቅም። የዘመኑ ልጆች ሰው ልቡን ቁርጥ አድርጎ፣ ቆሞ፣ ተናግሮ የሚወስን ይመስላቸዋል። እንደዚያ የሚወስንም ይኖራል። ፈንታ እጁ ስለተያዘ ዘገየ፤ ሲዘገይ አወራ፤ ሲያወራ ሰው መሆኔን አየ፤ እኔም እሱን አየሁት። ከዚያ ወዲያ ያለው የሁለታችን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል። ሙጫው ቶሎ ቢይዝ ኖሮ የተላክህበትን ትነግረኝ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቀው እችል ነበር። ጊዜው ሞልቶን ነበር፤ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈርቼ አይደለም። አብሮኝ የኖረው ሳይነግረኝ የቀረው ሰው ነው። ከሌላኛው ጋር አልተዋወቅሁም፤ የምጠይቀውም ነገር አልነበረኝም።